ሰማንያ ሲቀደድ፦ የቤተሰብ ድጋፍ ማዕከል በከተማው ዳርቻ የት ቢከፈት ይሻላል?

አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ፣ የካ አባዶ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር፣ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት «ከዚህ ሰው ጋር መኖር አልቻልኩም» የምትልበት ቀን መጣ እንበል። መጀመሪያ ለእናቷ ትደውላለች። ቀጥሎ ነፍስ አባት ወይም የሠፈር ሽማግሌ ይገባል። ከዚያ የሥራ ባልደረባዋ «አንድ ጠበቃ አውቃለሁ» ትላታለች። ከዚያ ወረዳ ትሄዳለች፤ ከወረዳ ደግሞ «ይህ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው» ተብላ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ፊት ትቆማለች። በየደረሰችበት ታሪኳን ከሀ ትጀምራለች። ባልየውም በበኩሉ ተመሳሳይ ዙር ይዞራል፣ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጓደኞቹና ከግሮሰሪ ነው።

መንግሥት በጀት መድቦ ይህን ሁሉ መንከራተት አንድ በር ላይ፣ ማለትም በአንድ የቤተሰብ ድጋፍ ማዕከል፣ ሊያስቀረው ቢፈልግ፣ በሩ የት ይሁን? ይህ ጽሑፍ ለወረዳ ምክር ቤት አባላት፣ ለእድር ኮሚቴዎችና ለማኅበራት ሠራተኞች፣ እንዲሁም «የኛ ሠፈርስ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የተጻፈ ነው። እኔ በአንድ የዳርቻ ኮንዶሚኒየም እድር ውስጥ ለዓመታት በሽማግሌነት ተቀምጫለሁ። ያስታረቅኩት አለ፣ ያበላሸሁትም አለ። የማደላበት ምርጫ ስላለኝ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

ማዕከሉ ምን ማድረግ ይችላል?

ቦታ ከመምረጣችን በፊት ሕጉ የሚፈቅደውን እንወቅ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ ፍቺን የሚወስኑት የቤተዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ዛሬም «ሽማግሌ አፋታን» ሲሉ የምትሰሙት ለዚህ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠው። የግልግል ዳኝነቱ አዋጅ 1237/2013ም ፍቺን በግልግል ከማይታዩ ጉዳዮች ዝርዝር ውስጥ አስቀምጦታል። ስለዚህ የትም ቢከፈት፣ ማንም ቢያስተዳድረው፣ ማዕከሉ ትዳር አያፈርስም።

ግን የሚሠራው ሥራ ሞልቷል። ሕጉ በስምምነት መፋታትን ይፈቅዳል፤ ባልና ሚስት ስለ ፍቺውና ስለ ውጤቱ፣ ማለትም ስለ ልጆች፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረት የተስማሙበትን ጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ አቅርበው ያጸድቁታል። ያንን ጽሑፍ በወጉ የሚያዘጋጅላቸው ግን የለም። ገንዘብ ያለው በጠበቃ ያጽፋል። የሌለው በጃንጥላው ሥር ያጽፋል፤ እዚያ ደግሞ «ልጆቹን እናት ታሳድግ» ከሚል አንድ መስመር የዘለለ አይጻፍም። ልጁ ለትንሣኤ የማን ቤት ይዋል፣ ትምህርት ቤት ማን ያድርሰው፣ ሲታመም ለማን ይደወል፣ ይህ ሁሉ ሳይነሳ ይቀርና በሁለተኛው ወር ጠብ ሆኖ ይመለሳል።

አንዱ ብቻ ፍቺ ሲጠይቅ ደግሞ ፍርድ ቤቱ በራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲነጋገሩ ሊመራቸው፣ ወይም ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። እነዚያ 3 ወራት በአብዛኛው ባዶ ናቸው። አንዱ ቤት ለቆ ይወጣል፣ አንዱ ቁልፍ ይቀይራል፣ ልጆች በስልክ መልእክት አመላላሽ ይሆናሉ።

የኔ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው። አስታራቂ በሽ ነው፤ እናት፣ አክስት፣ ቄስ፣ ሼህ፣ የእድር ሊቀመንበር፣ ሁሉም «ተው፣ ለልጆቻችሁ ስትሉ» ይላል። ጥሩ አድርጎ የሚያለያይ ግን አጥተናል። የምትመርጡት ቦታ ለሁለተኛው ሥራ የማይመች ከሆነ፣ በመንግሥት ደመወዝ ሌላ የሽማግሌ ጉባኤ ከፈታችሁ ማለት ነው።

አንደኛው አማራጭ፦ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ

የመጀመሪያ ጥቅሙ ወረቀቱ ነው። የተስማሙበት ጽሑፍ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተሻግሮ ሊጸድቅ ይችላል። ሁለተኛው ባለሙያው ነው፤ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በቤተሰብ ጉዳዮች ላይ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎችን ሲያሠራ ቆይቷል፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234/2013 ደግሞ ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን፣ ማለትም ባለጉዳዮች በፍርድ ቤቱ በኩል በአስማሚ እንዲነጋገሩ ማድረግን፣ በሕግ አስገብቷል። መሠረቱ አለ ማለት ነው፣ ከዜሮ አይጀመርም።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ሰው ፍርድ ቤት የሚደርሰው መዝገብ ሊያስከፍት ሲሆን፣ ያኔ ደግሞ ክሱ ተጽፎ «ሰካራም» እና «ዘማዊት» የሚሉት ቃላት ወረቀት ላይ ሰፍረዋል። ከዚያ በኋላ አስማሚ ክፍል ማስገባት የፈሰሰ ውሃ ማፈስ ነው። ርቀቱም አለ። አያት ሠፈር የሚኖር ሰው ልደታ ፍርድ ቤት ጉዳይ ቢኖረው በቀላል ባቡሩ ሳይቀይር ይደርሳል፤ ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከየካ አባዶ የሚነሳ ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ የግማሽ ቀን ደሞዝ ነው። ምድብ ችሎቶች በተለያዩ ክፍለ ከተሞች መኖራቸው ይህን ቢያቀልም፣ «ፍርድ ቤት ሄደች» የሚለው ወሬ ግን በየትኛውም ርቀት ቀድሟት ይደርሳል።

ይህ አማራጭ የሚመቸው ቀድሞ መዝገብ ለከፈቱና ንብረታቸው ለተወሳሰበ ሰዎች ነው። ለሌላው ረፍዷል።

ሁለተኛው፦ ወረዳ ጽሕፈት ቤት

በወረቀት ሲታይ የሚቀለው ይህ ነው። ሕንፃው አለ፣ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች ዛሬም ቢሆን አቤቱታ ይሰማሉ፣ የበጀት ርዕስም ይገኝለታል። ለዚህ ነው ስብሰባ ላይ «ወረዳው ውስጥ አንድ ክፍል እንስጣቸው» የሚለው ሐሳብ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣው።

እኔ ግን እፈራዋለሁ። አንድ ቃል ነው የሚያስፈራኝ፦ ገመና። ወረዳ ማለት መታወቂያ የሚታደስበት፣ የልደት ምስክር ወረቀት የሚወጣበት፣ የነዋሪነት ማረጋገጫ የሚለመንበት ቤት ነው። ወረፋ ላይ የብሎካችሁ ሰዎች ተቀምጠዋል። አንድ ጊዜ አንዲት ጎረቤቴን እንዲህ ያለ ቢሮ ሸኝቻት፣ ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ባለሙያ በቅንነት፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ይመታሻል ወይስ ይሰድብሻል ብቻ?» ብላ ጠየቀቻት። አጠገባችን ሦስት ሰዎች ፎርም እየሞሉ ነበር። ጎረቤቴ «ምንም የለም፣ መረጃ ልጠይቅ ነው» ብላ ተነሳች። ባለሙያዋ ክፉ ሆና አይደለም። ክፍሉ ነው የከፋው።

ሌላው ነገር የሰው መቀያየር ነው። በወረዳ ደረጃ ሠራተኛ ዛሬ እዚህ ነገ ሌላ ጽሕፈት ቤት ይመደባል። ለአሥር ሳምንት ጉዳይሽን ያወቀችው ሰው ስትሄድ እንደገና ከሀ ትጀምሪያለሽ፤ እንዳይኖር የፈለግነው ደግሞ ይኸው ነበር።

ወረዳን የምመርጠው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ የተለየ መግቢያ ያለው፣ ከዋናው አዳራሽ የተነጠለ ቤት ሲገኝ።

ሦስተኛው፦ ጤና ጣቢያ

ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆመሽ ማንም «ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አይልሽም። ልጅ ልታስከትቢ፣ ደም ግፊት ልትለኪ፣ መድኃኒት ልትወስጂ ይሆናል። ይህ መሸፈኛ በገንዘብ አይገዛም። ክፍሎቹ በር አላቸው፣ ምስጢር መጠበቅም የሙያው ሕግ ነው። የተመታ ሰው ሲመጣ ጉዳቱ ይታከማል፣ ይመዘገባልም፤ ያ መዝገብ በኋላ ለፖሊስና ለችሎት ማስረጃ ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ደግሞ ቤት ለቤት ስለሚዞሩ፣ የትኛው ቤት ውስጥ ሳህን እንደሚሰበር ከማንም በፊት ያውቃሉ።

ጉድለቱስ? ወንዶች አይመጡም። ይህን ሳቅ ብዬ ብጽፈውም ቀልድ አይደለም። አባወራው ጤና ጣቢያን የሚያውቀው ሚስቱ ስትወልድ ብቻ ነው፤ «ጤና ጣቢያ ና፣ ስለ ትዳራችን እንነጋገር» ቢባል «አበድኩ እንዴ?» ይላል። ጤና ጣቢያ የሕግ ባለሙያም የለውም፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ መቆሚያ ይጠፋል። ስለዚህ ብቻውን አይበቃም፤ ለመጀመሪያው ውይይት፣ በተለይ ለሴቷ ብቻዋን ለሚደረገው፣ ግን ከሁሉ የተሻለ ቦታ ነው።

አራተኛው፦ መንግሥት ይክፈል፣ ማኅበር ያስተዳድር

እዚህ ላይ የአውስትራሊያን ነገር ላንሳ፤ ስለ እንዲህ ዓይነት ማዕከል ሲወራ የሚጠቀሰው እሱ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 የቤተሰብ ሕጋቸውን ሲያሻሽሉ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር 15 የቤተሰብ ግንኙነት ማዕከላትን ከፈቱ። በ2008 ቁጥራቸው 65 ደረሰ። ገንዘቡ የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ የሚያስተዳድሯቸው ግን በውል የተመረጡ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ናቸው። ቦታቸውንም ከፍርድ ቤት አርቀው ሰው በሚመላለስበት፣ ገበያ አካባቢ አደረጉት። በልጆች ጉዳይ ክስ የሚመሠርት ወላጅ በመጀመሪያ ለመስማማት መሞከሩን የሚያሳይ ምስክር ወረቀት ያቀርባል፤ በቤት ውስጥ ጥቃት ሲኖር ግን ይህ ግዴታ አይጠየቅም።

ከዚህ ልንወስደው የሚገባው የቦታውን አመራረጥና ጥቃት ሲኖር ግዴታው የሚቀርበትን ደንብ ነው። አስገዳጅነቱን ግን አሁን አልወስደውም። አንድ አውስትራሊያዊ ማዕከሉ ሲደርስ ምናልባት ስለ ትዳሩ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲያወራ የመጀመሪያው ይሆናል። የኛ ሰው ማዕከል ሲደርስ ግን ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተቀምጦለታል፣ ሁለት ጊዜ «ታርቀናል» ብሎ ተሳስሟል። «በመጀመሪያ ታረቁና ኑ» ቢባል ይስቅባችኋል።

በኛ አገር ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ማኅበራት አሉ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለዓመታት ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል። ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ልጆቻቸው መጠለያ የከፈቱም አሉ። ልምዱ እነሱ ጋ ነው። ስጋቱ ግልጽ ነው፤ በጀቱ የዓመት ውል ከሆነ ሰኔ ላይ ውሉ ሲያልቅ በሩ ይዘጋል፣ በመስከረም የምትመጣዋ እናት ቁልፍ የተንጠለጠለበት በር ታገኛለች። ይህን አማራጭ የሚመርጥ ወረዳ ውሉን ከሦስት ዓመት ባላነሰ ጊዜ ይፈርም፤ ያለዚያ ባይጀምረው ይሻላል።

እድርስ?

«እድር አዳራሽ አለን፣ ለምን እዚያ አይሆንም?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እድርን እወዳለሁ፤ ድንኳኑንም ጥሩንባውንም። ግን እድር የሁለቱም ዘመዶች የሚገናኙበት ቤት ነው። እዚያ የተነገረ ነገር ለቀስተኛ ጆሮ ውስጥ ነው የሚያድረው።

የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ጊዜ ባልና ሚስትን በእድሩ ጽሕፈት ቤት ጎን ለጎን አስቀምጠን «እንግዲህ ይቅር ተባባሉ» አልን። ሴትየዋ «እሺ፣ ይቅር ብያለሁ» አለች። ተደሰትን፣ ምርቃቱም ረዘመ። ከወር በኋላ «ያን ቀን እምቢ ብል እኮ ማታ አብሬው ነው የምገባው» አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፣ እንዴት ሌላ ነገር ትበል? ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ሰዎችን ለየብቻቸው ሳልሰማ አንድ ላይ አስቀምጬ አላውቅም። ማዕከል ስትከፍቱ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ፦ መጀመሪያ ለየብቻ፣ በተለያየ ቀን፣ በተቻለ መጠንም በተለያየ ሰው ይሰሙ። ዱላ ካለ የጋራ ጠረጴዛ አይኑር።

እድር የሚጠቅመው ሌላ ነገር ላይ ነው። አብዛኛው እድር አንድን ቤት በአንድ አባል ስም ይመዘግባል፣ እሱም ባልየው ነው። ሲፋቱ እድሩ ከማን ጋር ይቀራል? ለዓመታት ወጥ ስትሠራ፣ ለቅሶ ስትቀመጥ የኖረች ሴት ፍቺ ማግስት እድር የላትም። እናቷ ብትሞት ድንኳን የሚተክልላት የለም። እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ከፍቺ በኋላ ለሁለቱም የቀድሞው የአባልነት ዘመን እንዲቆጠርላቸው ቢያደርጉ፣ አዳራሻቸውን ከመስጠት ይበልጥ ረዱ ማለት ነው።

ዳርቻውን ልዩ የሚያደርጉት

ከተማው መሃል ላለ ማዕከል የማይነሱ ሁለት ነገሮች እኛ ጋ አሉ። አንዱ ወሰኑ ነው። አዋጅ 213/1992 የሚሠራው በፌዴራል አስተዳደር ሥር ባሉት ከተሞች፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። በብዙ የዳርቻ ሠፈሮች ባል በኦሮሚያ ሥር ያለው የሸገር ከተማ ነዋሪ ሆኖ ሚስት ልጆቿን ይዛ አዲስ አበባ ውስጥ ኪራይ ቤት ገብታ ይሆናል። አስፋልቱን ስትሻገር ፍርድ ቤቱም፣ የሥራ ቋንቋውም፣ የሕጉ ቁጥርም ይቀየራል። ስለዚህ ማዕከሉ አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገር ሰው ይኑረው፣ «ይህ ጉዳይ የት ነው የሚከፈተው?» ለሚለው ጥያቄም በመጀመሪያው ቀን መልስ ይስጥ። ወሩን ሙሉ በስህተት ችሎት በር የተመላለሰ ሰው አውቃለሁ።

ሁለተኛው ኮንዶሚኒየሙ ነው። ዳርቻው ላይ የሚፈርሰው ትዳር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትልቅ ንብረት ብቻ አለው፤ በ20/80 ወይም በ40/60 በዕጣ የወጣ፣ የባንክ ዕዳው ገና ያላለቀ ቤት። ዕጣው በአንዱ ስም ስለወጣ ያ ሰው «የኔ ነው» ይላል። ሕጉ ግን በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፣ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ሰማንያ ሳይፈርሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ የኖሩ ሰዎችም በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራ ነው። ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የማታውቅ ሴት ደግሞ ልብሷን በፌስታል ይዛ ትወጣለች። የሕግ ባለሙያ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ቢመጣ፣ ይህንን ብቻ ቢነግር ደመወዙን ሠርቷል።

ቀለብ ላይም አንድ ቃል። ደመወዝተኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲቆረጥ ሊያዝ ይችላል። ባጃጅ ነጂ፣ ግንበኛ፣ ደላላ ከሆነስ? እዚያ የሚሠራው ሁለቱ ራሳቸው ያመኑበት ውል ነው፤ «በየወሩ ይህን ያህል ብር» ከማለት «የትምህርት ቤት ክፍያውን እኔ፣ አስቤዛውን አንቺ» የሚለው ይበልጥ ሲከበር አይቻለሁ።

እኔ ብሆን የምመርጠው

ሁለት ክፍል ከጤና ጣቢያ ግቢ፣ በተቻለ መጠን የራሱ የጎን በር ያለው። በጀቱ ከመንግሥት፣ አስተዳደሩ ከማኅበር ጋር በሦስት ዓመት ውል። የጋራ ውይይቱ እዚያው አይሁን፣ ወንዶቹም እንዲመጡ በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በወጣት ማዕከል ወይም በቤተ መጻሕፍት ክፍል ይደረግ። ስምምነቱ ተጽፎ ሲያልቅ ወደ ምድብ ችሎቱ የሚወስደው ሰው ከማዕከሉ ይሁን። የሥራ ሰዓቱ ቅዳሜ ከሰዓትንና እሑድን ይጨምር፤ ቦሌ ለሚ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ማክሰኞ ጠዋት ፈቃድ ብትጠይቅ «ለምን?» ትባላለችና። ታፔላው ላይ «ፍቺ» የሚል ቃል አይኑር፣ «እርቅ» የሚልም አይኑር፤ «የቤተሰብ ምክር» ይበቃል።

በጀቱ ከጠበበ የማስቀረው ኮምፒውተሩንና የስብሰባ ወንበሩን ነው፤ የልጆቹን ጥግ አልነካም። እናት በሰላም እንድታወራ ልጁ የሚስልበት ወረቀትና የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል።

ክፍሉን ከመከራየታችሁ ወይም ከመረከባችሁ በፊት ደግሞ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዳችሁ ውስጥ ገብታችሁ በሩን ዝጉና በተለመደ ድምፅ ለአምስት ደቂቃ አውሩ። ሌላኛው ውጭ፣ ተገልጋዮች በሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ይቀመጥ። አንድ ቃል ከሰማ ሌላ ክፍል ፈልጉ።